የትንፋሽ ማሽኑ የቤተሰብ አደራ ነው



ማንኮራፋት በብዙ ቤት ዘንድ የሳቅ ምንጭ ነው። «ደክሞት ነው፤ ይተኛበት» ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን ማንኮራፋቱ በድንገት ጸጥ ብሎ ቆይቶ ሰውየው እንደታነቀ ሰው እየተንፈራገጠ አየር ሲስብ ከሰማን የሳቁ ጊዜ አልፏል። ይህ ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ የሚሉት፣ በእንቅልፍ ላይ የሚደርስ የትንፋሽ መቋረጥ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ቤተሰብ ዱካክ ነው ወይም ጅን ነው ብሎ ይተወዋል። የመኝታ ዱዓችንን አንተው፤ ሕክምና መሻትም ሰበብ ማድረስ ነውና እርሱንም አንተው።

የበሽታው ነገር እንዲህ ነው። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። በአንዳንድ ሰው ላይ ከመላላት አልፎ የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ትንፋሽ 10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ከቆመ አንድ መቋረጥ ተብሎ ይቆጠራል። በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። በሽተኛው ጠዋት ሲነሳ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያስታውስም። የሚያውቀው አፉ መድረቁን፣ ራሱን ማመሙንና ቀኑን ሙሉ ማንቀላፋቱን ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምስክር አጠገቡ የተኛ ሰው ነው። ሚስት ያየችውን ለሐኪም ብትናገር ባሏን አጋለጠች አይባልም።

የቡና አገር ሰዎች በመሆናችን እንቅልፍ ሲጫነን እጃችን ወደ ሲኒ ይሄዳል። ጫት የሚይዝም አለ። ሁለቱም እንቅልፉን ይሸፍኑታል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍቱም። ሳይታከም የቆየ ሰው የደም ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ልቡም ይጎዳል። ከቦንጋ ጅማ በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ መሪ የጨበጠ ሾፌር ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ለተሳፋሪውም ይተርፋል።

መፍትሔው የተገኘው ኮሊን ሱሊቫን በተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪም ነው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአፍንጫ በኩል የማያቋርጥ የአየር ግፊት ቢሰጥ ጉሮሮ ሳይዘጋ እንደሚያድር አሳዩ። ዛሬ ሲፓፕ የሚባለው ማሽን ይኸው ነው። የክፍሉን አየር በማጣሪያ ስቦ በቱቦና በጭምብል ይልካል። ኦክስጅን አይደለም፤ ተራ አየር ነው። መነጽር ዓይንን እንደማያድን ሁሉ ማሽኑም በሽታውን አይነቅልም፤ የሚሠራው በተደረገበት ሌሊት ብቻ ነው።

እዚህ ቦንጋ ያለን ሰዎች መጀመሪያ ወደ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ጠቅላላ ሆስፒታል ሄደን የደም ግፊታችንን እንለካ፤ የሌሊቱንም ሁኔታ እናስረዳ። የእንቅልፍ ምርመራው ራሱ አዲስ አበባ ድረስ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊያስኬድ ይችላል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ የመጣ ማሽን ቁም ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ እንዴት ያሳዝናል! ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ መብራትና ኀፍረት።

መብራቱን በሒሳብ እንየው። ማሽኑ የውሃ ማሞቂያው ሲጠፋ ከ30 እስከ 60 ዋት ያህል ይበቃዋል። በ40 ዋት 8 ሰዓት ቢሠራ 320 ዋት-ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 1,200 ይይዛል፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም እንኳ ለአንድ ሌሊት ይተርፋል። ባትሪው ግን አየር በሚገባበት ቦታ ይቀመጥ እንጂ አልጋ ሥር አይሁን። መብራት ሲመጣ ኃይሉ ስለሚዘል ማሽኑን በስታቢላይዘር ማገናኘት ይበጃል። ባትሪ የሌለው ሰው መብራት በሄደበት ሌሊት ጭምብሉን አውልቆ፣ ራስጌውን ከፍ አድርጎ፣ በጎኑ ይተኛ።

ማሽኑ የክፍሉን አየር ስለሚስብ በክፍሉ ያለው ሁሉ ወደ ሳንባ ይገባል። ቡና የሚቆላበት፣ እጣን የሚጨስበትና ከሰል የሚቀጣጠልበት ቦታ ከመኝታ ቤት ይራቅ። የከሰል ጭስ ለማንም ሰው ገዳይ ነው። ማጣሪያው በየሳምንቱ ይታይ። የቦንጋ ዝናብና እርጥበት ሻጋታ ያበቅላልና የማሽኑ ውሃ በየጠዋቱ ይደፋ፤ ዕቃውም ይድረቅ። ጭምብሉ በየቀኑ ለብ ባለ ውሃና ቀላል ሳሙና ይታጠብ፤ በረኪና አይነካው። የሚጨመረው ውሃ የተጣራ ዲስቲልድ ውሃ ቢሆን ይመረጣል።

ጢም ያላቸው ወንድሞች አፍና አፍንጫን የሚሸፍነው ጭምብል አየር ሊያስወጣባቸው ይችላል። ለዚህ ጢም መላጨት አያስፈልግም፤ አፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የሚገባውን ዓይነት ይጠይቁ። ቅቤ ወይም ቫዝሊን የተቀቡ እህቶችም ፊታቸውን ታጥበው፣ ጸጉራቸውን በሻሽ ሸፍነው ማሰሪያውን በላዩ ቢያደርጉ አይንሸራተትም።

በረመዳን ለሱሑር የተነሳ ሰው ከፈጅር በኋላ ተመልሶ ሲተኛ ጭምብሉን መርሳት የለበትም። ማሽኑ ምግብም መጠጥም አይሰጥም። የውሃውን እንፋሎት በተመለከተ የሚጠራጠር ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ ሑክሙን ዓሊም ይጠይቅ።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ያገለገለ ማሽን ሲልክም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፊሊፕስ በሰኔ 2013 ዓ.ም. በውስጣቸው ያለው ስፖንጅ እየተበጣጠሰ ወደ ትንፋሽ ሊገባ ይችላል በማለት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖቹን ሰብስቧል። ስለዚህ ላኪው የማሽኑን ቁጥር ከኩባንያው ዝርዝር ጋር ያመሳክር። ጭምብሉና ቱቦው አዲስ ይሁኑ፤ ግፊቱንም ሐኪም ይወስን። ለአንዱ የተለካው ለሌላው አይሆንም።

ኀፍረቱስ? በዚህ ላይ ማሽኑ ሳይሆን እኛ ነን የምንሠራው። አባት ጭምብሉን ሲያጠልቅ ልጅ ከሳቀ፣ እንግዳ ሲመጣ ማሽኑ ከተደበቀ፣ ሚስት «ድምፁ አስቸገረኝ» ብላ ከተነጫነጨች ሰውየው በሳምንቱ ይተወዋል። በአንጻሩ ታላቁ ልጅ ባትሪውን ቻርጅ ቢያደርግ፣ ታናሿ ውሃውን ብትለውጥ፣ ሚስት እንቅልፍ ወስዶት ጭምብሉ ሲወልቅ በቀስታ ብትመልስለት ማሽኑ የቤቱ ዕቃ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ። ቀን ላይ እየተጫወቱ ጥቂት ደቂቃ ማጥለቅ ያለማምዳል። ሐኪሞች ቢያንስ በሌሊት 4 ሰዓት ይላሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢሆን ግን ይበልጣል።

ወላጆቻችንን ስንኻድም ውሃ ከማቅረብና እግር ከማጠብ ጋር ይህንንም እንጨምር፤ ከመተኛታችን በፊት ባትሪው መሙላቱን እንይ።