ማንትራ ማስታገሻ አይደለም

ማንትራ ሲባል ዛሬ በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው ምስል አንድ ነው፦ እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ድምፅ እየደጋገመ የሚያሰማ ሰው። የቃሉ ትርጉም አያሳስብም ይባላል፤ ድምፁ ብቻውን ጭንቀት ያበርዳል። ሙዚቀኞቹ ቢትልሶች እ.ኤ.አ. በ1968 በህንዷ ሪሺኬሽ ከተማ መምህሩ ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ ዘንድ ከሰነበቱ ወዲህ ይህ ወሬ ዓለምን አዳርሶ፣ አሁን በስልክ መተግበሪያ ይቸበቸባል።

ወሬው ግን ነገሩን ገልብጦታል።

«የህንዶች ድግምት» ብሎ የሚያጣጥለው አማርኛ ተናጋሪ እንኳ ከመተግበሪያ ሻጩ ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል። መድገም የሚለው ግስ ዳዊት ለሚደግመውም ለድግምተኛውም ያገለግላል፤ በሁለቱም ዘንድ ቃሉ ሥራ እንዲሠራ ይጠበቅበታል። ዳዊት የሚደግም ሰው ዘና ለማለት አይደግምም። የሳንስክሪቱ ቃልም «ማሰብ» ከሚለው ሥርና መሣሪያን ከሚያመለክት ቅጥያ የተሠራ ነው። ጥንታዊዎቹ ማንትራዎች የሚገኙት 1,028 መዝሙሮች ባሉት ሪግቬዳ ውስጥ ሲሆን፣ ቦታቸው መሥዋዕት የሚቀርብበት እሳት ፊት ነበር።

ከሁሉ የታወቀው ጋያትሪ ነው። በሪግቬዳ 3ኛ መጽሐፍ፣ በ62ኛው መዝሙር፣ 10ኛው ቁጥር ላይ ይገኛል፤ ትውፊት ለጠቢቡ ቪሽቫሚትራ ይሰጠዋል። ልመናው ሳቪትር ለተባለው የፀሐይ አምላክ ነው፤ ስሙም «ቀስቃሽ» ማለት ነው። የሚለመነውም አእምሮን እንዲቀሰቅስ እንጂ እንዲያስተኛ አይደለም። ትርጉም የለሽ ድምፅ ነው የሚል ሰው ቃሉን አላየውም።

መጠሪያው የመጣው ከምጣኔው ነው፦ ሦስት ስንኝ፣ ለእያንዳንዱ 8 ቀለም፣ በድምሩ 24። ሲቆጠር ግን የመጀመሪያው ስንኝ አንድ ቀለም ይጎድለዋል። ስለዚህ ሊቃውንቱ «ቫሬንያም» የሚለውን ቃል «ቫሬኒያም» ብለው ዘርዝረው ቁጥሩን ያሟላሉ። ነገሩ መረጋጋት ብቻ ቢሆን የአንድ ቀለም ጉድለት ማንን እንቅልፍ ይነሳ ነበር? ቁጥሩ ወደ ዕድሜም ይዘልቃል። የጥንቶቹ የቤት ሥርዓት መጻሕፍት ከማኅበራዊ መደቦቹ የብራህሚን ልጅ በ8፣ የክሻትሪያ በ11፣ የቫይሽያ በ12 ዓመቱ ወደ መምህር እንዲቀርብ ያዝዛሉ፤ ጋያትሪ፣ ትሪሽቱብና ጃጋቲ የተባሉት ምጣኔዎች በየስንኛቸው ያላቸው ቀለምም 8፣ 11 እና 12 ነው።

ኡፓናያና በተባለው በዚህ ሥርዓት ልጁ ክር ከታጠቀ በኋላ ከመምህሩ ጋር ጨርቅ ይከናነብና ማንትራውን በጆሮው ይቀበላል። መጀመሪያ ስንኝ በስንኝ፣ ቀጥሎ ግማሹን፣ በመጨረሻ ሙሉውን። ከዚያ ወዲያ ሲነጋ ቆሞ ወደ ምሥራቅ፣ ሲመሽ ተቀምጦ ወደ ምዕራብ ዞሮ ይደግማል። በጥምር መዳፉ ውኃ ይዞ፣ ቃሉን ብሎ፣ ውኃውን ለፀሐይ ያፈስሳል። ሰዓቱ፣ አቅጣጫው፣ ውኃውና ቃሉ አንድ ሥራ ናቸው።

ዜማውም ቢሆን ለጌጥ የገባ አይደለም። በደቡብ ህንዷ ኬረላ በናምቡዲሪ ብራህሚኖች ዘንድ መምህሩ የልጁን ራስ ይዞ፣ ድምፁ ሲወርድ ዝቅ፣ ሲነሣ ቀና ያደርገዋል። ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? በጥንቱ ታሪክ ትቫሽታር የተባለው አምላክ፣ ሌላው አምላክ ኢንድራ ልጁን ስለገደለበት፣ «የኢንድራ ገዳይ» እንዲወለድለት እሳት ፊት ቃል ተናገረ። ድምፁን መጨረሻ ላይ ማንሣት ሲገባው መጀመሪያ ላይ አነሣው፤ ትርጉሙም «ገዳዩ ኢንድራ የሆነ» ወደሚል ተገለበጠ። የተወለደው ቭሪትራ በኢንድራ እጅ አለቀ። አንዲት ቀለም እንዳትዛነፍ ተማሪዎች ቃላቱን እያገላበጡ ያጠናሉ፤ ጋና በተባለው ስልት «አንድ ሁለት፣ ሁለት አንድ፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ ሦስት ሁለት አንድ፣ አንድ ሁለት ሦስት» እያሉ እስከ ቁጥሩ መጨረሻ ይዘልቃሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገቡ ያሰፈረውም ይህንኑ የቬዳ ንባብ ትውፊት ነው።

ማንትራ ትርጉም የለውም ባዮች የሚጠሩት ምስክር ፍሪትስ ስታል ነው። ይህ ምሁር ማንትራን ከወፍ ዜማ ጋር እስከ ማነጻጸር ደርሷል። ነገር ግን እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1975 ኬረላ ውስጥ ፓንጃል በተባለች መንደር 12 ቀን የፈጀውን የአግኒቻያና መሥዋዕት አስቀርጿል። ክንፉን የዘረጋ ወፍ በሚመስለው መሠዊያ ላይ ከአንድ ሺህ በላይ ጡቦች ተደርድረዋል፤ ጡቦቹም በማንትራ ተቀድሰዋል። ቃሉ ከየሥራው ጋር እንዲህ ተቆላልፎ እያየ የወፍ ዜማ ማለቱ አያስኬድም። በልብ የሚባለው ማንትራም ጥንታዊ ነው፣ የማኑ ሕግ የተባለው የጥንት መጽሐፍም ከሁሉ ያስበልጠዋል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ማኑ ብልጫውን የለካው ከመሥዋዕት ጋር አነጻጽሮ ነው። መለኪያው ያው መሥዋዕቱ ነው።

እንግዲህ ከእሳቱ፣ ከውኃውና ከመምህሩ የተነጠለ ማንትራ ስሙ ብቻ የቀረ ነገር ነው። ጋያትሪን በእኩለ ሌሊት ለእንቅልፍ ማምጫ የሚያጫውት መተግበሪያ፣ ተጠቃሚው ሊተኛ ሲጋደም ቀስቃሹን አምላክ በጆሮው ይጠራበታል።