ስልኩን ሳይሆን መሥሪያ ቤቱን አጥፉት፦ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ወደ ከፋ ደን ሲኬድ

የዕረፍት ጊዜ በደረሰ ቁጥር የምናነበው ምክር አንድ ዓይነት ነው። ስልካችሁን አጥፉ፣ ከተፈጥሮ ጋር ሁኑ፣ አእምሯችሁን አሳርፉ ይባላል። ምክሩ ብቻውን ተራራ ለሚወጣ ሰው ይሠራ ይሆናል። እናቱን፣ ባለቤቱንና ውጭ አገር የተወለዱ ልጆቹን ጭኖ ከአዲስ አበባ ወደ ቦንጋ ለሚጓዝ አበሻ ግን አይሠራም። የዚህ ሰው ስልክ ካርታውም ካሜራውም ነው። የእናቱን የደም ግፊት መድኃኒት ሰዓት ያስታውሳል። ልጆቹ «ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል?» ብለው ሲጠይቁትም በፊደል ጽፎ የሚያሳይበት ሰሌዳ ነው። መጥፋት ያለበት ስልኩ ሳይሆን ስልኩ ውስጥ የተቀመጠው መሥሪያ ቤት ነው። ስልክ ለማጥፋት አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል፤ መሥሪያ ቤቱን ከስልክ ለማስወጣት ግን ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀድሞ መጀመር ያስፈልጋል።

ከፋን ለምሳሌ የወሰድኩት ለሦስቱም ትውልድ የሚሆን ነገር ስላለው ነው። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው ይህ አካባቢ ስፋቱ 760,000 ሄክታር ገደማ ነው። በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና ሰው ሳይተክለው ይበቅላል። ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስትቆላ የኖረች እናት ቡናን በዱር ስታየው ዝም ብላ አታልፈውም። ኮረሪማም እንደዚሁ ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው ደርቆ፣ በክር ተሰክቶ ገበያ የወጣውን ነው፤ ደኑ ውስጥ ግን ቀዩ ፍሬ ከተክሉ እግር ሥር፣ አፈሩ አጠገብ ነው የሚገኘው። ለልጆቹ ደግሞ ጥቁርና ነጩ ጉሬዛ አለላቸው። ቦንጋ በጅማ በኩል ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይርቃል፤ የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት ከአገሬው ሰው አጣሩ። የአሜሪካና የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታበት ወቅት መሆኑንም አትርሱ።

አሁን በመሃል ያለውን ሰው እንመልከት።

አያት ኮረሪማውን ከመሬት አንስታ ትሸተዋለች። እናቷ ቅቤ ሲነጠር እንዴት ትጨምረው እንደነበር፣ ለሆድ ቁርጠት ምን ይደረግ እንደነበር ማውራት ትጀምራለች። የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጅ በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ «ይበላል?» ብላ ትጠይቃለች። ይህ ጥያቄ ወደ አያት የሚደርሰው፣ መልሱም የሚመለሰው በመሃል ባለው ሰው በኩል ብቻ ነው። ያ ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ «አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ» እያለ ኮድ የሚያይ ወይም ስብሰባ የሚያዳምጥ ከሆነ አያትና የልጅ ልጅ ፈገግታ ተለዋውጠው ይለያያሉ። ወጉ እዚያው ይቀራል። በእኛ ሙያ ቋንቋ ብናገር፣ ይህ ሰው የቤተሰቡ ራውተር ነው። እሱ ሲጠፋ ሁለቱም ወገን ኔትወርክ ያጣል።

ለዚህ ነው ከሥራ መላቀቅን እንደ ግል የጤና ጉዳይ ብቻ ማየቱ የማይዋጥልኝ። «እኔ ሥራዬን ብሠራ ማንን ይጎዳል? እነሱ ይዝናኑ» የሚለው ሐሳብ ሁሉም ሰው አንድ ቋንቋ ለሚናገርበት ቤተሰብ ያስኬድ ይሆናል፤ ለእኛ ግን አያስኬድም። የትርጉም መተግበሪያ ይተካዋል የሚል ካለ ደግሞ፣ መጀመሪያ ደን ውስጥ ኔትወርክ ይኑረው። ቢኖረውም የአያት ወግ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተቆራርጦ የሚገባ ነገር አይደለም። ግማሹ እጅ ነው፣ ግማሹ «አይ የዚያን ጊዜ!» የሚል ትንፋሽ ነው።

የሰዓት ልዩነቱም ከእኛ ጋር አይደለም። ብዙ ሰው «ቀን ቀን ከቤተሰብ ጋር እውላለሁ፣ ማታ ትንሽ እሠራለሁ» ብሎ ያቅዳል። በክረምታቸው ወቅት ዋሽንግተን ላይ ጠዋት 9 ሰዓት ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ደግሞ 10 ሰዓት። ከእግር ጉዞ የሚመለሱበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ አያት ካረፈች በኋላ አፏ የሚፈታበት ሰዓት ማለት ነው። «ትንሹ ሥራ» ምርጡን ሰዓት መርጦ ይወስደዋል። ከአብዛኛው አውሮፓ የመጣ ሰው ልዩነቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሚሠራ ደግሞ ምንም ልዩነት የለም። ለእነሱ የሥራው ቀን በቀጥታ በደኑ ቀን ላይ ይጫናል።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ። የሥራ ላፕቶፕ አይሄድም። በዚህ ላይ ድርድር ባይኖር እመርጣለሁ፤ ሻንጣ ውስጥ ያለ ላፕቶፕ አንድ ቀን መከፈቱ አይቀርም። ብዙ ድርጅቶችም መሣሪያቸው ሳያውቁት ድንበር ሲሻገር አይወዱም፤ ያንን ደንብ ለአንድ ጊዜ እንኳ ለራሳችን ጥቅም እናውለው።

አንድሮይድ ስልክ ላይ መሥሪያ ቤቱ የሥራ ፕሮፋይል ከጫነላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። ፕሮፋይሉን በአንድ ቁልፍ ባለበት ማቆም ይቻላል፤ የሥራ መተግበሪያዎቹ ይደበዝዛሉ፣ ማሳወቂያ አይልኩም፣ የግል ገጻችሁ ግን እንዳለ ይሠራል። አይፎን ላይ አካውንቱን ሳትሰርዙ የሥራውን ኢሜይል ብቻ ከሴቲንግ ማጥፋት ትችላላችሁ። ቲምስና ስላክን የመሳሰሉትን ግን አውጥታችሁ ጣሏቸው፤ ስትመለሱ መልሶ መጫን ደቂቃ አይፈጅም። «ድምፁን አጠፋዋለሁ» የሚባለውን አላምንበትም። ቀይዋ ነጥብ ድምፅ ባይኖራትም ትጣራለች።

የኮድ ማመንጫውን መተግበሪያ ግን በስህተት አብራችሁ እንዳትሰርዙ። ይህ ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አብዛኞቻችን የውጭ አገር ሲማችንን ክፍት የምንተወው ባንካችን የማረጋገጫ ኮድ በጽሑፍ መልእክት ስለሚልክ ነው። በዚያው በር የአለቃ ስልክም ይገባል። ባንኩ የሚፈቅድ ከሆነ ከጉዞው በፊት ወደ ኮድ ማመንጫ መተግበሪያ ተዛወሩ። መተግበሪያው ኮዱን የሚያወጣው ከስልኩ ሰዓትና አስቀድሞ ከተቀመጠ ምስጢራዊ ቁልፍ ነው፤ ስለዚህ ኔትወርክ በሌለበት ጫካ ውስጥም ይሠራል። በጽሑፍ መልእክት ብቻ የሚልክ ባንክ ካላችሁ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ መፍትሔ ነው። የውጩን ሲም ዳታ ዘግታችሁ ለመልእክት ብቻ ተዉት፤ ለኢንተርኔትና ለቤተሰብ ጥሪ የአገር ውስጥ ሲም ተጠቀሙ። አዲሱን ቁጥር ለመሥሪያ ቤት አለመስጠት የእናንተ ፈንታ ነው።

«አደጋ ቢፈጠርስ?» ለሚለው ስጋት ስልኮቹ ራሳቸው መልስ አላቸው። አትረብሹኝ የሚለው ሁኔታ ላይ የተመረጡ ሰዎች ጥሪ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። ያው ሰው ደጋግሞ ከደወለም ሁለተኛው ጥሪ እንዲገባ የሚፈቅድ ምርጫ አለ። አይፎን ላይ በ3 ደቂቃ፣ አንድሮይድ ላይ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከደገመ ያልፋል። ቤት የቀረ እህትና ወንድም ይህን አስቀድሞ ይወቀው።

የራስ ሰር መልስ ኢሜይል ብቻውን ብዙም አይፈይድም። መልሱ ይሄዳል፣ ደብዳቤው ግን ይከመራል፤ ክምሩን ማሰብ ብቻ ሰውን ሾልኮ እንዲያይ ያደርገዋል። የጀርመኑ ዳይምለር ያስተዋወቀውን አሠራር የምወደው ለዚህ ነው። ሠራተኛው ከፈለገ በዕረፍቱ ወቅት የሚመጣለት ኢሜይል እንዲጠፋ ያደርጋል፤ ላኪው ደግሞ ማንን ማነጋገር እንዳለበት ይነገረዋል። ድርጅታችሁ ይህን ባያደርግም እናንተ በቃል ልታደርጉት ትችላላችሁ፦ «እስከዚህ ቀን የሚደርሰውን አላነብም፤ አስቸኳይ ከሆነ ለእገሌ፣ ካልሆነ ከተመለስኩ በኋላ ድጋሚ ላኩልኝ» ብሎ መጻፍ። ስልካችሁ ላይ የኢትዮጵያን ካላንደር የምትጠቀሙ ቀኑን ስትጽፉ ተጠንቀቁ። የእኛ ጥር 5 እና የእነሱ ጃንዋሪ 5 አንድ ቀን አይደሉም።

ሁሉም ሰው ይህን የማድረግ እኩል አቅም የለውም። ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ፣ አውስትራሊያ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ከሥራ ሰዓት ውጭ የመላቀቅ መብትን በሕግ አስገብተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ቢያንስ የ4 ሳምንት ዕረፍት ያስገድዳል። በአሜሪካ ግን የግሉን ዘርፍ አሠሪ ክፍያ ያለው ዕረፍት እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ፈቃድ ወጥታ እንኳ «ማዳም» በዋትስአፕ የልጁን ልብስ የት እንዳደረገችው ትጠይቃታለች። የመኖሪያ ፈቃዷ በዚያች ሴት እጅ ስለሆነ «አልመልስም» ማለት ለእሷ ቀላል አይደለም። ለእሷ «መተግበሪያውን ሰርዢው» ብሎ መምከር ቀልድ ነው። የሚሻለው ከመነሳቷ በፊት «በቀን አንድ ጊዜ፣ በዚህ ሰዓት አያለሁ» ብሎ መስማማት፣ ከዚያ ያንን ውይይት ብቻ ድምፁን መዝጋት ነው። የግድ መሥራት ላለበት ሌላ ሰውም ሐሳቤ ይኸው ነው። አንድ የታወቀ ሰዓት፣ ከተማ ላይ፣ ጠዋት ሌሎቹ ሳይነሱ። ደን ውስጥ ግን አይሆንም። ሰውን የሚያንገላታው «አሁን ይደውሉ ይሆን?» እያሉ መዋል ነው።

መሥሪያ ቤቱ ከስልኩ ከወጣ በኋላ ስልኩን ለምን እንጠቀምበት? ከሁሉ በፊት ለድምፅ መቅጃ። የአያትን ፎቶ ሁላችንም አለን፤ ድምፇን በረጅሙ የቀዳ ግን ጥቂት ነው። ስትቀዱ ስልኩን ወደ አውሮፕላን ሁኔታ ቀይሩት፤ የሚገባ ጥሪ ቀረጻውን ሊያቋርጠው ይችላል። ፋይሉን በነባሪ ስሙ አትተዉት፤ በፊደል «እማማ ስለ ኮረሪማ» ብላችሁ ሰይሙት፣ አለበለዚያ ከመቶ ፋይል መካከል አታገኙትም። የአማርኛ ኪቦርድ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ይህ እዚያው ደን ውስጥ ይሠራል። አስጎብኚው የእያንዳንዱን ዛፍ ስም በከፍኛ ሲነግራችሁ ልጆቹ ራሳቸው በፊደል ይጻፉት። አጻጻፋቸው ቢሳሳት አያት ታርማለች፤ ፊደል ካልቆጠረች ደግሞ ልጆቹ ያነቡላታል።

ካርታውን አዲስ አበባ ሳላችሁ በዋይፋይ አውርዱ። ፓወር ባንክ ሁለት ያዙ፣ አንዱ ለመቅጃው ብቻ ይሁን። የምታርፉበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ዝናቡ ሲጀምር ቀረጻው ውስጥ ከዝናቡ ሌላ ምንም አይሰማም። ያኔ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አትተዉት፤ የልጅ ልጇ ይዛ ከአያቷ አጠገብ ትቀመጥ።