የፀሐይ ፍንዳታ፦ ብርሃኑ በዋልታዎች፣ ስጋቱ በጁባ
ግንቦት 2/2016 ዓ.ም. ምድርን የመታው የፀሐይ ማዕበል ከ20 ዓመታት ወዲህ ከታዩት ሁሉ የበረታ ነበር። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሌሊቱ ሰማይ በአረንጓዴና በሮዝ ብርሃን ሲደምቅ፣ ጁባ ከትዕይንቱ ርቃ ቆየች። የምድር መግነጢሳዊ መስክ ከፀሐይ የሚመጡትን ቅንጣቶች ወደ ዋልታዎች ይመራቸዋልና።

ጉዳቱ ግን በዋልታዎች አይወሰንም። ከፍንዳታው የሚወጣው ኤክስሬይ በ8 ደቂቃ ገደማ ምድር ይደርሳል፤ የአጭር ሞገድ ሬዲዮን በብርቱ የሚያፍነውም ፀሐይ አናት ላይ በሆነችበት ስፍራ ነው። ለምድር ወገብ የቀረበችው ጁባ በቀትር ለዚህ የተጋለጠች ናት።

በዝናብ ወራት ጎርፍ መንገዶችን በሚቆርጥባት ደቡብ ሱዳን፣ እህልና መድኃኒት ወደ ብዙ አካባቢዎች የሚደርሰው በአውሮፕላን ነው። በእንዲህ ያለ በረራ የሬዲዮ መቋረጥ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ የፀሐይ ትንበያም እንደ ዝናቡ ሁሉ ከመነሣት በፊት ሊታይ ይገባዋል።