ጮጮውን ማን ያንሳው?

ወዳጆቼና የድሮ ተማሪዎቼ፣ ሰሞኑን የለጠፍኩትን የጮጮ ፎቶ አይታችሁ «ቲቸር፣ ለአንድ የወተት ዕቃ ይሄ ሁሉ ድካም ምንድነው?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እስቲ ልመልስ።

አንድ የአዲስ አበባ ወዳጄ ትልቁን የፊልም ካሜራውን ከሁለት ፊልም ጋር አዋሰኝ። አንዱ ፊልም መዳፍ ያክላል፤ ከተለመደው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ከ13 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ጥቁር ጨርቅ ተከናንቤ ከኋላ ባለው መስታወት ሳይ ጮጮው ተገልብጧል። በካርቶን የሠራናት ባለቀዳዳ ካሜራ ትዝ አለቻችሁ? ያው እሷ ናት።

ጮጮው በወይራ ጭስ ጠቁሯል። ስልክ ጥቁር ነገር ሲያይ በራሱ ያነጣዋል፣ ስፌቱም ይጠፋል። ስለዚህ አምፖሉን አጥፍቼ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት። ስሌቱ 16 ሰከንድ ነበር፤ ፊልም ግን በደካማ ብርሃን ሲቆይ ስለሚሰንፍ 40 ሰከንድ ሰጠሁት። ያለኝ ሁለት ፊልም ነዋ! ደመናው እስኪረጋ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ።

እናቴ «አንድ ጮጮ እንዲህ ካስቸገረህ፣ እኔን እስክታነሳማ ክረምት ይገባል!» አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ቁጭ ብላ ማውራት ጀመረች። ጮጮውን የሰፋችላት እናቷ ናት፣ ለሠርጓ። አፉ ላይ ያለውን ጥገና ደግሞ እናቷ ከሞተች በኋላ እሷው ሰፋችው። እዚያ ቤት አድጌ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም! ስልኬ ውስጥ ግን በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አለ።

ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን፣ በኋላም ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም፣ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች አንስተው አቆዩልን። የእናቶቻችንን ዕቃስ ማን ያንሳው? ፈረንሳዊው ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1837 ያነሳው በክፍል ውስጥ የተደረደሩ ዕቃዎችን ነበር፤ ዕቃ አይንቀሳቀስማ። ግን ለዘላለምም አይጠብቅም። እዚህ ጫንጮ ወተቱ ዛሬ የሚሄደው በቢዶንና በጀሪካን ነው።

«ፊልም ውድ ነው» ትላላችሁ፣ እውነት ነው። የሚያስፈልገው ግን ካሜራው ሳይሆን ትዕግሥቱ ነው። ቅዳሜ አንድ የቤታችሁን ዕቃ መስኮት አጠገብ አስቀምጡ፣ ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አንሱ። ብርሃኑን ስትጠብቁ ደግሞ «ይሄን ማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚመልስላችሁ ሰው አጠገባችሁ እያለ።