ወላጅ በሚሰማው ቋንቋ ይጠራ

የትምህርት ሥራ በመምህርና በተማሪ ብቻ የሚፈጸም የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን ተማሪ ከመምህሩ ጋር የሚውለው ጥቂት ሰዓት ነው፤ የቀረውን ጊዜ የሚያሳልፈው በቤቱና በመንደሩ ነው። ስለዚህ ወላጅ ያልተካፈለበት ትምህርት ጎዶሎ ነው። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ልጽፍበት የመረጥሁት ጉዳይ፥ በቤታቸው ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ የሚነገርባቸው ተማሪዎች ወላጆች ወደ ትምህርት ቤት እንዴት ሊቀርቡ ይችላሉ የሚለው ነው።

አንዳንድ ሰው «ሰሜን ሸዋ የአማርኛ አገር ነው፤ ይህ ጥያቄ ከየት መጣ?» ይል ይሆናል። ታሪካችን ግን ሌላ ይመሰክራል። ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው አልዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አማራው፥ አርጎባው፥ አፋሩና የሐረር ነጋዴው የሚገናኙባት ገበያ ነበረች። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍም ከ1831 እስከ 1834 ዓ.ም. በሸዋ በተቀመጠበት ጊዜ ኦሮምኛን ያጠና ነበር። ዛሬም በቆላው በኩል አርጎብኛ፥ ኦሮምኛና አፋርኛ የሚናገሩ ጎረቤቶች አሉን። ደግሞም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከወለጋ ተፈናቅለው ወደ ደብረ ብርሃን ከመጡት ቤተሰቦች መካከል፥ ከአማርኛ ጋር ኦሮምኛ እየሰሙ ያደጉ ልጆች ይገኛሉ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፍቷል። በክልላችንም በአዊ አውኝ፥ በዋግ ኽምራ ኽምጣንኛ፥ በከሚሴ በኩል ኦሮምኛ የትምህርት ቋንቋ ለመሆን በቅተዋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከልጁ አባትና እናት ጋር በምን ቋንቋ እንነጋገር የሚለው ጥያቄ ለየትምህርት ቤቱ የተተወ ይመስላል።

በብዙ ትምህርት ቤት የቆየው ልማድ «ወላጅ አምጣ» ነው። ተማሪው ሲያጠፋ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ወረቀቱንም ማንበብ ለማይችል አባት አንብቦ የሚተረጉመው ያው ያጠፋው ልጅ ነው። አባት በመጣም ጊዜ በመምህሩና በአባቱ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉመው እርሱ ነው። እንግዲህ ተከሳሽ አስተርጓሚ የሆነበት ችሎት ምን ፍርድ ይሰጣል? ተንኮለኛው ልጅ «ወደቀ» የተባለውን «አለፈ» ያደርገዋል፤ ቅኑ ልጅ ደግሞ አባቱ በሰው ፊት ዝም ብሎ ሲቆም አይቶ ያፍራል። ከዚህ የከፋው ግን ቀስ በቀስ በእናቱ ቋንቋ ማፈር መጀመሩ ነው። ብዙ አርጎቦች ቋንቋቸውን ትተው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ መሆናቸውን ስናስብ፥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ወላጅ አይመጣም፤ ለልጁ ግድ የለውም» ሲባል እንሰማለን። አባቶቻችን ግን «ሳይጠሩት አቤት፥ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ሰው ይነቅፉታል። በማይሰማው ቋንቋ የተጠራ ሰውም እንዳልተጠራ ይቆጠራል። ልጁን ከቆላ ወደ ከተማ ልኮ፥ ቤት ተከራይቶለት፥ ስንቁን በአህያ ጭኖ የሚያመጣ ገበሬ ግድ የለውም ማለት እንዴት ይቻላል?

ይህ ጉዳይ የጥቂቶች ብቻ እንዳይመስለን። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በመንዝ ያለው አማርኛ ተናጋሪ አባትም የልጁን ደብተር ገልጦ ሊረዳው ብዙ ጊዜ አይችልም። በዚህ በኩል አፋሩም፥ አርጎባውም፥ አማራውም በትምህርት ቤት ደጃፍ እኩል እንግዶች ናቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የበኩሌን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የመጀመሪያው ጥሪ ለክስ አይሁን። ጥፋትና ውጤት ሳይመጣ፥ በጥቅምት ወር ለትውውቅ ይጠሩ።

ሁለተኛ፤ ማስተርጎም የልጁ ሥራ መሆኑ ይቅር። ቋንቋውን የሚያውቅ መምህር፥ የጥበቃ ሠራተኛ ወይም የሰፈር ሽማግሌ አይጠፋም። «ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ለሚሉ፥ በገበያ የሚያገበያየን አስተርጓሚ በነጻ ከተገኘ ለትምህርትም ይገኛል እላለሁ።

ሦስተኛ፤ መልእክቱ በወረቀት ብቻ አይላክ። በገበያ ቀን፥ በቤተ ክርስቲያን፥ በመስጊድና በዕድር በቃል ይነገር። ስብሰባውም ወላጅ ለገበያ ወደ ከተማ በሚወጣበት ቀን ይሁን።

አራተኛ፤ ወላጆች ለመስማት ብቻ ሳይሆን ለማስተማርም ይጠሩ። አርጎቦች በእርከን ሥራ፥ በሽመናና በንግድ የታወቁ ናቸው። አንድ አባት ስለ እርከን በቋንቋው ሲናገርና ሲተረጎምለት ክፍሉ በሙሉ ቢያዳምጥ፥ ልጁ በዚያ ቀን ቀና ብሎ ይሄዳል።

ይህን ማድረግ አንድነትን ያላላል የሚሉ አሉ። እኔ ግን በቋንቋዋ ሰላምታ የተሰጣት እናት ከትምህርት ቤቱ የምትርቅበት ምክንያት አይታየኝም። አማርኛን ለመማር የእናትን ቋንቋ መርሳት አያስፈልግም።

መምህሮቻችን ሆይ፤ ወላጆቻችንን በትዕግሥት ጥሩልን። ወላጆቻችን ሆይ፤ በማታውቁት ቋንቋ አትፈሩ፤ ጥያቄያችሁን በቋንቋችሁ ጠይቁ። እኛም ተማሪዎች የጓደኛችን አባት ሲናገር የምንስቅ ከሆነ ሳቃችንን እንተው፤ ይልቁንም ሰላምታውን እንኳ በአርጎብኛ፥ በኦሮምኛና በአፋርኛ ተምረን እንቀበላቸው። ይህ ገንዘብም ፈቃድም የማይጠይቅ ስለ ሆነ ከነገ ጀምሮ ልንሠራው እንችላለን።