ቁመቱ ስንት ነው? ፕላስ ማይነስ ስንት?

እስቲ አንድ ነገር እንጠያየቅ። ሌባ ሌሊት ግቢ ገብቶ ጭቃው ላይ ዳናውን ጥሎ ቢሄድ፣ ከዚያ ዳና ምን ማወቅ ይቻላል? ሲኤስአይን እያየን ያደግን ልጆች ነንና መልሱ አይጠፋንም፤ ሁሉንም! ባለሙያዋ ጎንበስ ብላ በባትሪ ታበራለች፣ «አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት፣ ግራ እግሩን ያነክሳል» ትላለች፣ ከማስታወቂያው ስንመለስ ሰውየው ካቴና ገብቶለታል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ሼርሎክ ሆልምስ እ.ኤ.አ. በ1887 ለመጀመሪያ ጊዜ አንባቢ ፊት ሲቀርብም የገዳዩን ቁመት ከእርምጃው ርዝመት አስልቶ ነበር።

እኛ ደግሞ ዛሬ ይቺን ሴንቲ ሜትር ልንጠረጥራት ነው። ውሸት ስለሆነች አይደለም፤ ሳይንሱስ የምር ሳይንስ ነው። ቶፒናር የሚባል ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሰው እግር ርዝመት በአማካይ የቁመቱን 15 በመቶ ያህል እንደሚሆን አሳይቷል። 26 ሴንቲ ሜትር የሆነ እግር ካገኛችሁ 26ን ለ0.15 አካፍሉት፣ 173 ይመጣል። ሞባይል የያዘ ሁሉ ሆልምስ ነው ማለት ነው።

ጣጣው ያለው «በአማካይ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። የአንዱ እግር የቁመቱ 14 በመቶ፣ የሌላው 16 በመቶ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ያቺው 26 ሴንቲ ሜትር አንዴ የ186፣ አንዴ የ163 ሴንቲ ሜትር ሰው ታመጣለች። አንዱ አምፖል ቆሞ ይቀይራል፣ ሌላው ወንበር ያስመጣል!

ባለሙያዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ብዙ ሰው ለክተው ለዚያ ሕዝብ የሚሆን ቀመር ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ሰሜን ህንድ ውስጥ የ1,040 የጉጃር ወንዶችን የእግር አሻራ ለክቷል። እንዲህ ተለፍቶበትም የቀመሮቹ መደበኛ ስህተት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። 5 ነው እንበልና፣ በደንብ እርግጠኛ ለመሆን እጥፉን እንያዝ፤ ሰውየው ከ163 እስከ 183 ባለው ውስጥ ነው። እንግዲህ አንድ የሞላ ሚኒባስ አስቁሙና ሹፌሩንም ወያላውንም ጨምራችሁ ቁጠሩ። ከዚህ ውጭ የሚሆን ስንት ወንድ ታገኛላችሁ? ደግሞ የጉጃር ቀመር ለጉጃር ነው፤ ለሌላው ሕዝብ እንዳለ ይሠራል ያለ የለም። አሻራው የጫማ ሲሆንማ ይብሳል። የታላቅ ወንድሙን ጫማ ጫፉ ላይ ሶፍት ጠቅጥቆ ትምህርት ቤት የሄደ ልጅ ይህን ለማወቅ ጥናት አያሻውም።

«ታዲያ ምን አገባችሁ?» ትሉን ይሆናል። አንዲት ሴት እናስተዋውቃችሁ። ሉዊዝ ሮቢንስ ትባላለች፤ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1978 የሜሪ ሊኪ ቡድን ታንዛንያ ላይቶሊ ላይ በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ የደረቀ የ3.66 ሚሊዮን ዓመት ዳና ሲያገኝ፣ ዳናውን ካጠኑት አንዷ እሷ ነበረች። አብዛኞቹ ሳይንቲስቶች ዳናውን የጣሉት የእኛዋ የድንቅነሽ ዘመዶች ናቸው ይላሉ። (እዚያው ላይቶሊ የተገኘ ሌላ ዳና እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ሲደረግ፣ ባለቤቱ 165 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ተባለ። ድንቅነሽ እንኳን 110 እንኳ ብትሞላ ነው! ክርክር ተነሳ፤ ሳይንስ ነውና ክርክሩ ማንንም አላሳሰረም።)

ሮቢንስ ግን ከአመዱ ወደ ፍርድ ቤት ተሻገረች። የእያንዳንዱ ሰው አረጋገጥ ከማንም ጋር አይመሳሰልም፣ ስለዚህ አሻራውን አይቼ ባለቤቱን እለያለሁ፣ ጫማ ቢቀይርም አያመልጠኝም አለች። «ቁመቱ በግምት ይህን ያህል ነው» ከሚለው ተነስታ «እሱ ነው!» የሚለው ላይ ደረሰች። በተለያዩ የአሜሪካ ግዛቶች እየተጠራችም መሰከረች። ኢሊኖይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ተገድላ ነበር። የቤቱ በር በእርግጫ ተሰብሯል፤ በሩ ላይ የጫማ አሻራ ቀርቷል። በ1985ቱ ችሎት ሮቢንስ የጫማው አሻራ የተከሳሹ ነው ብላ መሰከረች። ጁሪው በእሱ ላይ ሊስማማ አልቻለም። ሆኖም ሰውየው ክሱ እ.ኤ.አ. በ1987 እስኪቋረጥ ድረስ እስር ቤት ቆየ። በ2009 ጥፋተኝነቱን ያመነው ሌላ ሰው ነው። ሮቢንስ ክሱ በተቋረጠበት በ1987 አረፈች፤ የሙያ ባልደረቦቿም ዘዴዋን መርምረው ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ብለዋል።

የድሮው ሌባሻይ ትዝ አለን። ልጁ የሚያሰክር ነገር ጠጥቶ ይነዳል፣ የማን ቤት ሄዶ ቢወድቅ ሌባው እሱ ነው። ልጁን «እርግጠኛ ነህ?» ያለው አልነበረም። እዚያ ማዶ ነጭ ጋውን ተጨመረበት እንጂ ምን ተለየ?

ነጭ ጋውን የለበሱት ራሳቸውም ቢሆኑ ኋላ ላይ ነገሩን አምነዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሪፖርት ከዲኤንኤ በስተቀር የወንጀል ማስረጃን ከአንድ ሰው ጋር ብቻ በከፍተኛ እርግጠኝነት እንደሚያገናኝ የተረጋገጠ የፎረንሲክ ዘዴ የለም ብሏል። እኛ ጋዜጠኝነት ተምረናል፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብለን እንጠይቃለን። «ባለሙያዎች አረጋገጡ» የሚል ዜና ሲመጣ ግን እስክሪብቷችን ይዝላል። ምናለ «ፕላስ ማይነስ ስንት?» ብንል? ባለሙያው ሐቀኛ ከሆነ ደስ ብሎት ይመልሳል፤ ከተቆጣ ደግሞ ዜናው እሱ ነው።

ዳና የሚረዳበት ቦታ አለ እኮ! ጭቃው ላይ የተገኘው የአዋቂ ባዶ እግር 22 ሴንቲ ሜትር፣ የተያዘው ሰው ደግሞ 190 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ያ ሰው አይደለም፤ ወደ ቤቱ ይሂድ። ለዚህ ስህተቱን ጨምሮም ቀመሩ ይበቃል። ግን ሲኤስአይ ላይ ሰው በአሻራ ሲለቀቅ ስንት ጊዜ አይታችኋል?