ሕንፃ ከአንድ ጭረት አይወለድም

ስለ ሥነ ጥበብ ማሳያና መከወኛ ሕንፃዎች በሚነገረው ሁሉ አንድ እምነት ሥር ሰዷል፤ ሕንፃው አርክቴክቱ ቁራጭ ወረቀት ላይ በጫረው የመጀመሪያ መስመር ውስጥ አስቀድሞ ተፈጽሟል፣ የቀረው ጉልበትና ገንዘብ ብቻ ነው የሚል። ይህ እምነት ስሕተት ነው፤ ጉዳትም አለው።

በምስክርነት ዘወትር የሚጠራው አርክቴክት ፍራንክ ጌሪ ለቢልባኦው ጉገንሃይም ሙዚየም የጫረው የተጠላለፈ መስመር ነው። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተከፈተ ወዲህ መስመሩን ከሕንፃው ፎቶግራፍ ጎን አስቀምጦ ማድነቅ የተለመደ ሆኗል። በሁለቱ መካከል ያለው ሥራ ግን ይዘለላል። በጌሪ ቢሮ ንድፉ በእንጨትና በወረቀት ሞዴል ሆነ፤ ሞዴሉ ተቆረጠ፣ ፈረሰ፣ በሌላ መጠን እንደገና ተሠራ። የተመረጠው ሞዴል ገጽ ነጥብ በነጥብ ተለክቶ ካቲያ ወደተባለው፣ ፈረንሳይ ውስጥ ለአውሮፕላን ሥራ ወደተዘጋጀው ሶፍትዌር ገባ። የብረቱና የቲታኒየሙ ልክ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ጭረት ላይ አንድም ልክ የለም።

እምነቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ ሲድኒ አይታዋለች። ዴንማርካዊው አርክቴክት ዮርን ኡትዞን እ.ኤ.አ. በ1957 የከተማዋን ኦፔራ ቤት የንድፍ ውድድር ያሸነፈባቸው ሸራ መሰል ጣሪያዎች ውበታቸው አያጠያይቅም፤ ቅርጻቸው ግን በነጻ እጅ የተሠመረ እንጂ በሒሳብ የተተነተነ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ቸኩሎ እ.ኤ.አ. በ1959 ግንባታ አስጀመረ። የጣሪያው ክብደት ሳይታወቅ የቆሙ ምሰሶዎች ኋላ ሸክሙን የማይችሉ ሆነው ተገኙና ፈርሰው እንደገና ተሠሩ። የጣሪያውን ስሌት የያዙት የኦቭ አሩፕ ድርጅት መሐንዲሶች አንዱን ቅርጽ እያነሱ ሌላውን እየጣሉ ዓመታት ፈጀባቸው። መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ጣሪያዎቹ ሁሉ ራዲየሱ 75 ሜትር ገደማ ከሆነ ከአንድ ሉል ገጽ ላይ ተቆርጠው እንዲወጡ ተወሰነ። ኩርባው አንድ ስለሆነ የአርማታ ክፍሎቹን በተመሳሳይ ቅርጽ ማውጫ ደጋግሞ መሥራት ተቻለ። መፍትሔውን ቀድሞ ያሰበው ኡትዞን ነው ወይስ መሐንዲሶቹ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ክርክሩ ራሱ ሥራው የብዙ እጅ መሆኑን ይመሰክራል። በውድድሩ ንድፍ ላይ ዝቅ ብለው የተዘረጉት ጣሪያዎችም በሉሉ መፍትሔ ምክንያት ሽቅብ ቀንተው ቆሙ። ዓለም የሚያውቀው የሲድኒ መልክ እንግዲህ የመጀመሪያው ንድፍ መልክ አይደለም።

በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያልቃል የተባለው ሕንፃ 102 ሚሊዮን ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ተከፈተ። ኡትዞን ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ እ.ኤ.አ. በ1966 ሥራውን ለቋል፤ ያለቀውን ሕንፃ በዓይኑ ሳያይ ሞተ። ለዚህ ሁሉ ንድፉ አይወቀስም። የሚወቀሰው ንድፍን እንዳለቀ ሥራ ቆጥሮ መሠረት ያስቆፈረው ችኮላ ነው።

የእጅ ንድፍ ክቡር ነው፤ አርክቴክቱ ገና መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ ለራሱ የሚያቀርብበት ስፍራ ነውና። ጥያቄውን መልስ አድርጎ ማቅረብ ግን ተማሪውን ከልኬትና ከሙከራ ያርቃል፣ የሞዴል ሠሪውንና የመሐንዲሱንም ድካም ይሰርዛል። የአርክቴክትን የመጀመሪያ ጭረት በመስተዋት ውስጥ የሚያሳይ ሙዚየም የተጣሉትን ሞዴሎችና የስሌት ወረቀቶቹንም አጠገቡ ያኑር።